ከጋሎን እስከ ኮርድ፦ የፈሳሽና የእንጨት መለኪያዎችን ሳይሳሳቱ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ጠጅ አጣጣል በስልክ ስታስተምረኝ መጠኑን የነገረችኝ በእንስራ ነው። "እማዬ፣ እንስራው ስንት ሊትር ይይዛል?" ብዬ ጠየቅኋት። "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ አንገቱ ጋ እስኪደርስ ነው የምሞላው" አለችኝ። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። እዚህ ማር በፓውንድ፣ ውሃ በጋሎን ይሸጣል። ቅዳሜና እሁድ የእንጨት ሥራ እሠራለሁ፤ እዚያም ጣውላው በቦርድ ፉት፣ ማገዶው በኮርድ ነው። ልጅ ሆኜ የተማርኩት ደግሞ ሊትርና ሜትር ኩብ ነው።

እነዚህን እያምታታሁ ገንዘብም ማርም አባክኛለሁ። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ግን አንድ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ስናባዛና ስናካፍል አይደለም። ማባዛቱን ስልካችን ይሠራዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በፊት፣ አንድ ስም አንድ መጠን ብቻ ያለው ሲመስለን ነው። ጋሎን አንድ አይደለም። በርሜልም አንድ አይደለም። ኮርድም እንደዚያው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከቁጥሩ በፊት ጥያቄው ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ካልኩሌተር ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ

የመጀመሪያው፣ የየት አገር ልኬት ነው? የለንደን ጋሎንና የዋሽንግተን ጋሎን እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው፣ የምን ዕቃ ልኬት ነው? የነዳጅ በርሜልና የቢራ በርሜል ይለያያሉ። አውንስ ደግሞ አንዴ ክብደት፣ አንዴ ፈሳሽ ይለካል።

ሦስተኛው፣ የተነገራችሁ ቁጥር እውነተኛ መጠን ነው ወይስ የስም? ይህ በተለይ እንጨት ላይ ይበረታል። "ሁለት በአራት" የሚባል እንጨት ሁለት ኢንች በአራት ኢንች አይደለም። የተከመረ ማገዶም ግማሽ የሚሆነው እንጨት፣ የቀረው አየር ሊሆን ይችላል።

ለሦስቱም መልስ ካላገኛችሁ ሻጩን ጠይቁ። መልሱን ሳታገኙ ያባዛችሁት ቁጥር ቢያምርም አትመኑት።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም በአንድ ድልድይ አሻግሩ

ለእያንዳንዱ ልኬት የተለየ ቁጥር መሸምደድ አያስፈልግም። ፈሳሹንም እንጨቱንም የሚያገናኝ አንድ ድልድይ አለ፤ ኢንች ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ አንድ ኢንች በትክክል 2.54 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል። ከዚህ ቁጥር ኋላ የተደበቀ ትርፍራፊ የለም።

2.54ን ሦስት ጊዜ ስታባዙት 16.387 ይመጣል። አንድ ኢንች ኩብ 16.387 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው። አሁን እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙ፦

የአሜሪካ ጋሎን 231 ኢንች ኩብ ነው።
ቦርድ ፉት 144 ኢንች ኩብ ነው።
ጫማ ኩብ (አንድ ጫማ በአንድ ጫማ በአንድ ጫማ) 1,728 ኢንች ኩብ ነው።

ማንኛቸውንም በ16.387 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ሊትር ታገኛላችሁ። ጋሎኑ 3.785፣ ቦርድ ፉቱ 2.36፣ ጫማ ኩቡ 28.32 ሊትር ይሆናል። ሊትሩን እንደገና ለ1,000 ካካፈላችሁ ሜትር ኩብ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንድ ሜትር 3.28 ጫማ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብም 3.28 ጫማ ኩብ ይመስላል። አይደለም። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሁሉም ይቀየራሉና 3.28ን ሦስት ጊዜ ማባዛት አለባችሁ። አንድ ሜትር ኩብ 35.3 ጫማ ኩብ ነው። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የሆነ ሰው ተሳስቶ የላከላችሁን ሒሳብ ስታዩ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ጋሎኑ የማን ነው?

የአሜሪካ ጋሎን ለምን 231 ሆነ? ጥንት እንግሊዝ ውስጥ ለወይን ጠጅ የሚያገለግል ጋሎን ነበር። በንግሥት አን ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ መጠኑ በሕግ 231 ኢንች ኩብ ተባለ። የአፉ ዲያሜትር 7 ኢንች፣ ከፍታው 6 ኢንች የሆነ ክብ ጣሳ አስቡ። ትምህርት ቤት በተማርነው 22 ሲካፈል ለ7 ብታሰሉት ልክ 231 ይመጣል። አሜሪካኖች ይህን ይዘው ቀሩ። እንግሊዞች ግን በ1824 እ.ኤ.አ. የቀድሞዎቹን ትተው አዲስ ጋሎን ደነገጉ፤ 10 ፓውንድ የሚመዝን ውሃ የሚይዝ። እሱ ዛሬ 4.546 ሊትር ነው።

ስለዚህ የእንግሊዙ ከአሜሪካው በ20 በመቶ ይበልጣል። የጋሎን ብዛትን ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ለመቀየር ለ1.2 አካፍሉ፤ ለመመለስ በ1.2 አባዙ። በአንድ ጋሎን የሚነገር ነገር ግን ተቃራኒው ነው። "በአንድ ጋሎን 40 ማይል ይሄዳል" የተባለ የእንግሊዝ መኪና በአሜሪካ ጋሎን 33 ማይል ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው። መኪናው አልደከመም። ጋሎኑ አንሶ ነው።

ዱባይና አቡዳቢ የኖራችሁ ይህን በደንብ ታስታውሱታላችሁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቤንዚን እስከ 2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ በእንግሊዙ ጋሎን ይሸጥ ነበር። ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሊትር ተዛወረ። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ባለ 5 ጋሎን የውሃ ጠርሙስ ግን 18.9 ሊትር ነው፤ የአሜሪካው ጋሎን ማለት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለቱም ጋሎኖች ጎን ለጎን ኖረዋል።

ከጋሎን በታች ስትወርዱ ነገሩ ትንሽ ያስገርማል። ሁለቱም አገር ጋሎኑን ለ8 ፒንት ይከፍላል። የአሜሪካው ፒንት 16 አውንስ ነው፤ 473 ሚሊ ሊትር። የእንግሊዙ 20 አውንስ ነው፤ 568 ሚሊ ሊትር። የእንግሊዙ ፒንት ትልቅ ስለሆነ አውንሱም ትልቅ ይመስላል። ግን ተቃራኒው ነው። የአሜሪካው አውንስ 29.6፣ የእንግሊዙ 28.4 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስትሻገሩ ፒንቱን በፒንት፣ አውንሱን በአውንስ አትተኩ። ሁሌም በሚሊ ሊትር በኩል እለፉ።

ደረጃ 4፦ በርሜል ሲባል "የምን በርሜል?" በሉ

አገር ቤት በርሜል ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ክብ የብረት በርሜል ነው። ውሃ የምናጠራቅምበት፣ ወደ 200 ሊትር የሚይዘው። በአሜሪካ አጠራር ባለ 55 ጋሎን ነው፤ በሒሳብ 208 ሊትር ይመጣል።

ዜና ላይ "የነዳጅ ዋጋ በበርሜል ይህን ያህል ገባ" ሲባል የሚወራው ግን ስለዚህ በርሜል አይደለም። የድፍድፍ ነዳጅ በርሜል 42 የአሜሪካ ጋሎን ነው፤ 159 ሊትር። ልማዱ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፔንሲልቬንያ የነዳጅ አምራቾች ነው። ሻጮቹ በርሜሉን በ40 ጋሎን እያስከፈሉ፣ መንገድ ላይ ለሚፈሰውና ለሚተነው ለገዢው 2 ጋሎን ይጨምሩ ነበር። ምርቃት እንደምንለው ነው። ምርቃቱ በኋላ ራሱ ልኬት ሆነ።

ለምሳሌ በርሜሉ 80 ዶላር ቢሆን ለ159 አካፍሉት፤ ሊትሩ 50 ሳንቲም ገደማ ነው። በቤታችን በርሜል፣ በ200፣ ብታካፍሉት 40 ሳንቲም ይመጣል። አንድ አምስተኛውን ሳታውቁት ጣላችሁት ማለት ነው። ቢራ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካ የቢራ በርሜል 31 ጋሎን (117 ሊትር)፣ የእንግሊዙ 36 የእንግሊዝ ጋሎን (164 ሊትር) ነው። የአሜሪካ ውስኪ የሚያርፍበት የኦክ በርሜል 53 ጋሎን፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ ነው። በአጋጣሚ ከኛ በርሜል ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥር የሌለውን ዕቃ ለኩ

ወደ እናቴ እንስራ ልመለስ። እንስራ፣ ጋን፣ ገንቦ፣ ቅል፣ ብርሌ በእጅ የሚሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ መጠን አለው። "እንስራ ይህን ያህል ሊትር ነው" ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም። የእናታችሁ እንስራ ግን መለካት ይቻላል፤ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በጠርሙስ መቁጠር ነው። ባለ 2 ሊትር ያልተከፈተ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ፋብሪካው የሞላበትን መስመር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ባዶ አድርጉት። እስከ ምልክቱ እየሞላችሁ፣ እየቆጠራችሁ እንስራው ውስጥ ጨምሩ። እንስራው ሁልጊዜ በሚሞላበት መስመር ላይ ስትደርሱ አቁሙ። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ጠጅ እስከ አፉ አይሞላማ።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ባዶውን መዝኑ፣ በውሃ መዝኑ፣ ቀንሱ። የውሃ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። ሚዛን ካለ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ መቁጠር መሳሳት አያጣም። የሸክላ ዕቃ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ደረቅ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣው ውሃ ክብደቱ ላይ ይደመራል።

እህቴ በጠርሙስ ለካችልኝ። እናቴ እስከምትሞላው መስመር ድረስ 8 ጠርሙስ ገባ። 16 ሊትር። ለ3.785 ሳካፍለው 4.2 ጋሎን። እኔ ጋ ያለው ባለ 5 ጋሎን የመስታወት ጠርሙስ 18.9 ሊትር ስለሆነ፣ 16 ሊትሩን ይዞ ለሚነሳው አረፋ 3 ሊትር ያህል ቦታ ይተርፈዋል። እንዲያውም ልክክ አለ።

የእናቴ ብርዝ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ "እጅ" ራሱ መቀየር አያስፈልገውም። በጣሳም፣ በጋሎንም፣ በሊትርም አንድ ለሦስት አንድ ለሦስት ነው። የምትቀይሩት ጠቅላላውን ብቻ ነው። 16 ሊትር ለ4 ሲካፈል 4 ሊትር ማር፣ 12 ሊትር ውሃ።

ችግሩ ማሩ ላይ ነው። የአሜሪካ ማር ጠርሙስ ላይ የተጻፈው አውንስ ክብደት እንጂ ይዘት አይደለም። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ 16 አውንስ የሚለውን ጠርሙስ እንደ አንድ ፒንት ቆጥሬ ገዛሁ። የጠጄ ማር ሲሶ ያህሉ ጎደለ። ቀጥኖ፣ ኮምጥጦ ቀረ። ትክክለኛው ሒሳብ እንዲህ ነው። 4 ሊትር ማር በ1.42 ሲባዛ 5.7 ኪሎ ገደማ። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ስለሆነ፣ ለ0.4536 ሲካፈል 12 ፓውንድ ተኩል። ለችኮላ ግን "የአንድ ጋሎን ማር ክብደት 12 ፓውንድ ነው" ብላችሁ ያዙት።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራሉ ሕግ ለቤት ፍጆታ፣ ለሽያጭ ያልሆነ የወይን ጠጅ በዓመት እስከ 100 ጋሎን መጥመቅ ይፈቅዳል። ቤቱ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ካለ 200 ጋሎን ይሆናል። 200 ጋሎን 757 ሊትር ነው። በእናቴ እንስራ ወደ 47 እንስራ። ለሠርግም ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ጣውላ በቦርድ ፉት

አሁን ወደ እንጨቱ። ቦርድ ፉት ማለት ውፍረቱ 1 ኢንች፣ ስፋቱ 12 ኢንች፣ ርዝመቱ 12 ኢንች የሆነ ጣውላ ነው። ጫማ ኩብን በአግድም ለ12 ቢቆራርጡት አንዱ ቁራጭ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦

ውፍረቱን በኢንች፣ ስፋቱን በኢንች፣ ርዝመቱን በጫማ ያዙ። ሦስቱን አባዙ። ለ12 አካፍሉ።

ጠንካራ እንጨት ቤት ስትገቡ ውፍረቱ በሩብ ኢንች ይቆጠራል። "አራት አራተኛ" አንድ ኢንች፣ "ስምንት አራተኛ" ሁለት ኢንች ነው። ለአግዳሚ ወንበር 6 ጣውላ ኦክ ፈለግሁ እንበል፤ ስምንት አራተኛ፣ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ርዝመቱ 8 ጫማ። 2 በ6 በ8 ሲባዛ 96። ለ12 ሲካፈል 8 ቦርድ ፉት። ስድስቱ 48 ቦርድ ፉት። በ2.36 ሲባዛ 113 ሊትር፣ ማለትም 0.113 ሜትር ኩብ። ለሚቆረጠውና ለሚላገው እኔ 20 በመቶ እጨምራለሁ፤ ጫፉ የተሰነጠቀ ጣውላ ሳያጋጥመኝ የሄድኩበት ቀን የለም።

ዋጋ ስትቀይሩ አቅጣጫው እንዳያምታታችሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 424 ቦርድ ፉት አለ። ስለዚህ ቦርድ ፉቱ 6 ዶላር የሆነ እንጨት ሜትር ኩቡ 2,544 ዶላር ነው። እንጨቱን ከቦርድ ፉት ወደ ሜትር ኩብ ስታመጡ ቁጥሩ ያንሳል፤ ዋጋውን ስታመጡ ቁጥሩ ያድጋል። ሁለቱም ካነሱ ወይም ሁለቱም ካደጉ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

አሁን የስም መጠን ወደሚባለው እንምጣ። የአሜሪካ የግንባታ እንጨት "ሁለት በአራት" የሚባለው ከደረቀና ከተላገ በኋላ 1.5 ኢንች በ3.5 ኢንች ነው። በኛ 38 በ89 ሚሊ ሜትር። የ8 ጫማውን በስሙ ብታሰሉት 5.33 ቦርድ ፉት ይመጣል። በእውነተኛው መጠን ግን 3.5 ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው የለም። ሻጩ አላጭበረበራችሁም፤ ንግዱ በስሙ ነው የሚሠራው። ግን ከአገር ቤት ዋጋ ጋር ስታወዳድሩ በእውነተኛው ማስላት አለባችሁ።

ለምሳሌ አንድ ዘመዳችሁ ቤት እየሠራ ነው እንበል። "ሞራሌ እዚህ ተወደደ፤ እናንተ ጋ ስንት ነው?" አላችሁ። የእሱ ሞራሌ 5 በ7 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። 0.05 በ0.07 በ4 ሲባዛ 0.014 ሜትር ኩብ። የእናንተ ሁለት በአራት ባለ 8 ጫማው 0.00826 ሜትር ኩብ። አንድ ሞራሌ የአንድ ሁለት በአራት 1.7 እጥፍ ነው። ዋጋን በአንድ እንጨት ካወዳደራችሁ ዘመዳችሁን ታሳስቱታላችሁ። ሁለቱንም ዋጋ ለየራሳቸው ሜትር ኩብ አካፍሉና ከዚያ አወዳድሩ።

ደረጃ 7፦ ክብ ግንድ

ግንድ እንደ ጣውላ አራት ማዕዘን አይደለም። መካከሉ ላይ፣ ልጡ ተልጦ፣ ዙሪያውን በሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በ0.0796 አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ የመካከል ዙሪያው 80 ሳንቲ የሆነ የባህር ዛፍ ግንድ፦ 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፤ በ0.0796 ሲባዛ 0.0509፤ በ8 ሲባዛ 0.41 ሜትር ኩብ።

በእንግሊዝ፣ በሕንድና በበርማ የቲክ እንጨት ንግድ ግን "ሆፐስ" የሚባል አቆጣጠር ታገኛላችሁ። በ1736 እ.ኤ.አ. የስሌት ሰንጠረዥ ያሳተመው የኤድዋርድ ሆፐስ ስም ነው። ዙሪያውን ለ4 አካፍሎ፣ ያንን በራሱ አባዝቶ፣ በርዝመቱ ያባዛል። ለዚያው ግንድ 0.2 በ0.2 በ8፣ ማለትም 0.32 ይመጣል። ከእውነተኛው 21.5 በመቶ ያንሳል። የጎደለው ሲላግና ሲሰነጠቅ ለሚባክነው ታስቦ የተተወ ያህል ነው። ከሆፐስ ወደ እውነተኛው ለመምጣት በ1.273 አባዙ።

አሜሪካኖች ደግሞ ግንዱን የሚለኩት በሚወጣው ጣውላ ነው፤ እሱም ግምት ነው። ዶይል በሚባለው ቀመር የቀጭኑን ጫፍ ዲያሜትር በኢንች ይዛችሁ 4 ትቀንሳላችሁ፣ በራሱ ታባዛላችሁ፣ በርዝመቱ (በጫማ) ታባዛላችሁ፣ ለ16 ታካፍላላችሁ። ርዝመቱ 16 ጫማ የሆነ 8 ኢንች ግንድ 16 ቦርድ ፉት ይወጣዋል። 16 ኢንች የሆነው ግን 144። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን እውነተኛው ይዘት 4 እጥፍ ነው፤ ዶይል ግን 9 እጥፍ ይላል። ቀጭን ግንድ የሚሸጥ ገበሬ በዶይል በጣም ይጎዳል። ስለዚህ በዶይል የተነገራችሁን ቁጥር በ2.36 አባዝታችሁ "የግንዱ ይዘት ይህ ነው" አትበሉ። የሚወጣው ጣውላ ግምት እንጂ የግንዱ ይዘት አይደለም።

ደረጃ 8፦ ማገዶ፣ አየሩ ያለው የት ነው?

ኮርድ የሚለው ቃል ገመድ ማለት ነው፤ ክምሩ በገመድ ይለካ ስለነበር። ሙሉ ኮርድ ፍልጡ በሥርዓት ተደርድሮ 4 ጫማ በ4 ጫማ በ8 ጫማ ነው። 128 ጫማ ኩብ፤ 3.62 ሜትር ኩብ።

በመጀመሪያው ክረምቴ አንድ ኮርድ አዝዤ በፒክአፕ መጣልኝ። 150 ዶላር ከፈልኩ። ደርድሬ ስለካው ርዝመቱ 8፣ ከፍታው 4 ጫማ ነው። ልክ ነው ብዬ ልተወው ስል ጥልቀቱን አየሁት። 16 ኢንች ብቻ። 8 በ4 በ1.33 ሲባዛ 42.7 ጫማ ኩብ። የሙሉው ሲሶ። ሻጩ ጋ ስደውል "እሱ የፊት ኮርድ ነው" አለኝ። ፊት ለፊት ስታዩት ኮርድ ይመስላል ማለት ነው። 150 ዶላሩ በሙሉ ኮርድ ሲሰላ 450 ዶላር ሆነ። በብዙ ክፍላተ ግዛት ማገዶ በኮርድ ወይም በኮርድ ክፍልፋይ ብቻ እንዲሸጥ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "ስንት ጫማ ኩብ ነው?" በሉ። ደረሰኙ ላይም ያስጽፉት።

ሙሉው ኮርድ ራሱ ሁሉም እንጨት አይደለም። በፍልጡ መካከል አየር አለ። ጠጣር እንጨቱ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ጫማ ኩብ ነው። 85 ብላችሁ ብትይዙ 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ ኮርድን ወደ ሜትር ኩብ ስትቀይሩ "የተደረደረ" ወይም "ጠጣር" የሚለውን ቃል አብራችሁ ጻፉ። ያለዚያ ቃል ቁጥሩ ትርጉሙ ጎደሎ ነው።

ጀርመን ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል። እዚያ እንደ አከማመሩ ሦስት የተለያየ ስም አለ። ራውምሜተር ተደርድሮ አንድ ሜትር ኩብ የሚሞላው ነው። ፌስትሜተር ያለ አየር፣ ጠጣሩ ነው። ሹትራውምሜተር እንዲሁ ተወርውሮ የተከመረው ነው። አንድ ራውምሜተር ወደ 0.7 ፌስትሜተር ይሆናል፤ ሹትራውምሜተሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ። የአሜሪካው ሙሉ ኮርድ 3.62 ራውምሜተር ነው።

ደረጃ 9፦ መልሱን ወደ ኋላ ፈትሹ

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ተመለሱ። 16 ሊትር 4.2 ጋሎን ካለ፣ 4.2ን በ3.785 አባዙ፤ 15.9 ይመጣል፤ ደህና ነው። ከዚያ በጭንቅላታችሁ ሸካራ ግምት ያዙ። ጋሎን ከ4 ሊትር ትንሽ ያንሳል። ጫማ ኩብ 28 ሊትር፣ ከ20 ሊትሩ ጀሪካን አንድ ተኩል ያህል። ቦርድ ፉት ከባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ይበልጣል። መልሳችሁ ከዚህ ግምት ከራቀ ነጥቡን የት እንዳስቀመጣችሁ እዩ። ቁጥሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ አጠጋጉት። 3.785ን 3.8 ማለት ለአንድ እንስራ ጠጅ ምንም አይደለም፤ ለአንድ ቦቴ ነዳጅ ግን ብዙ ሊትር ነው።

አሁን ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ሥራ እንሥራ። ባለፈው ፀደይ ለበሶብላና ለጤና አዳም መትከያ የእንጨት ሳጥን ሠራሁ። የውስጡ ርዝመት 48 ኢንች፣ ስፋቱ 24 ኢንች። ጎኑ "ሁለት በአሥር" በሚባል እንጨት ነው። አሥር ኢንች ጥልቀት ብዬ ባሰላ 48 በ24 በ10፣ ማለትም 11,520 ኢንች ኩብ ይሆን ነበር፤ ለ231 ሲካፈል 50 ጋሎን ገደማ። ሁለት በአሥሩ ግን እውነተኛ ስፋቱ 9 ኢንች ከሩብ ነው። 48 በ24 በ9.25 ሲባዛ 10,656። ለ231 ሲካፈል 46 ጋሎን፤ በ16.387 ሲባዛ 175 ሊትር አፈር። እዚህ አፈር በጫማ ኩብ ስለሚሸጥ ለ1,728 አካፈልኩት፤ 6.2 መጣ። ባለ 2 ጫማ ኩብ ከረጢት 4 ገዛሁ። እንጨቱ ደግሞ፣ ማዕዘኑ ላይ የሚደራረበውን ሳንቆጥር፣ ዙሪያው 144 ኢንች፣ ማለትም 12 ጫማ ነው። በስሙ 2 በ10 በ12 ሲካፈል ለ12፣ 20 ቦርድ ፉት ተቆጠረብኝ። ቤቴ የገባው 13.9 ነው። ከአራተኛው ከረጢት አብዛኛው ተርፎኝ በርበሬ ተከልኩበት።